ጽዋው እኔ ጋ ሲደርስ

ይህን የምጽፈው ማንም ሰው ጠጪ ናቸው ብሎ ለማይጠረጥራቸው ሴቶች ነው። ቅዳሴ ለማያስታጉሉ፣ ጾም ለማይሽሩ፣ ጎረቤት «የእሷስ ቤት ኮሽታ አይሰማበትም» እያለ ለሚያመሰግናቸው። እኔ ከእነሱ አንዷ ነበርኩ። ሐኪም እንኳ ሊጠይቀኝ አፈረ፤ እኔም ሳይጠየቅ የሚናገር አፍ አልነበረኝም።

ትሁን እባላለሁ፤ የጎጃም ልጅ ነኝ። የአማርኛ አስተማሪ ሆኜ ጊንጪ ስመደብ ከእናቴ ጉያ ወጥቼ አላውቅም። ኦሮምኛ አልችልም ነበር። አከራዬ አዴ ድንቄ ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልቴ?» ስትለኝ፣ እንዴት አደርሽ ማለቷ ነው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ምሽት ላይ ጨው አለሽ ወይ ብላ ስትጠይቀኝም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ በሬን እንደዘጋሁባት እስከ ዛሬ እያነሳች ትስቅብኛለች።

ዘመድ የሆነኝ የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር ነው። በየወሩ በአሥራ ሁለት በአንዱ አባል ቤት እንሰበሰባለን። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ጠላ የተሞላውን ጽዋ ይባርካሉ፤ ሁሉም ይቀምሳል፤ መጨረሻ ላይ ተረኛው ጽዋውን ተቀብሎ በእልልታ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ሙሴያችን፣ ማለትም የማኅበሩ መሪ፣ ጋሽ ታደሰ ናቸው። ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ አነጋገራቸውም እንደዚያው ነው። ከአባላቱ ደግሞ ለእኔ የምትቀርበኝ እትዬ ዘነበች ነበረች። ከገበያው ጀርባ አረቄ አውጥታ ትሸጣለች።

ሕመሜ የጀመረው በሆድ ነው። ምግብ ስበላ ያቃጥለኛል፣ ሳልበላ ይቆርጠኛል። እትዬ ዘነበች አንድ ቀን ፊቴን አይታ፣ «ጨጓራ ነው የኔ እመቤት» አለችኝ። «ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት አረቄ በመለኪያ። መድኃኒት ነው እንጂ መጠጥ አይደለም።»

በጠርሙስ ሰጠችኝ። እውነቱን ለመናገር ተሻለኝ። ሆዴም ሞቀ፤ ከሆዴ ይልቅ ግን የሞቀው ሌላ ቦታ ነው። የማታው ጸጥታ፣ አገሬን እያሰብኩ ጣሪያ የማይበት ሰዓት፣ ያ ሁሉ ለስለስ አለልኝ። ሽንኩርቱ ሲያልቅ አረቄውን ብቻ መግዛት ጀመርኩ። ደግነቱ፣ ክፋቱ ልበል፣ ማንም አልጠየቀኝም። ኮሮና መጥቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋማ ሰው ሁሉ ለእጁ ማጽጃ አረቄ ይገዛ ነበር። እኔም ጀሪካን ይዤ በጠራራ ፀሐይ እሄዳለሁ። «ለእጅ ነው» እላለሁ። «ለእጅ ነው» ትላለች እትዬ ዘነበችም፣ ዓይኗን ሳታነሳ።

ትምህርት ሲከፈት እጄ ከድቶኝ ነበር። ጠዋት ጠመኔ ስይዝ ይንቀጠቀጣል። ፊደሉ ሰሌዳው ላይ ይንሻፈፋል። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ዛሬ 'ሀ'ን ብርድ ይዞታል እንዴ?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ጀርባዬ ግን በላብ ተነክሯል። ቤት ደርሼ አንድ መለኪያ ስቀምስ እጄ ቀጥ አለ። ያኔ ነበር መፍራት የነበረብኝ። እኔ ግን «መድኃኒቱን ያገኘሁለት በሽታ» ብዬ ተጽናናሁ።

ክሊኒክ መዞር ተጀመረ። የመጀመሪያው ታይፎይድ አለኝ፤ መርፌ ወጋኝ። ሁለተኛው ታይፎይዱ ተመልሷል አለኝ። ሦስተኛው ነርቭ ነው አለ። ወንበር ላይ ተሰልፌ ስጠብቅ የሚያስጨንቀኝ በሽታዬ አይደለም፤ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ሽታውን ታውቅብኝ ይሆን የሚለው ነው። ቅርንፉድ አኝክ ነበር። ቤተ ክርስቲያንም እያኘክሁ እገባለሁ። ሥጋ ወደሙ መቀበል ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ ንስሐ አባቴ ሲጠይቁኝ «አልተዘጋጀሁም አባ» እላቸዋለሁ፤ ትሕትና መስሏቸው ይመርቁኛል።

አዲስ አበባ የተላክሁበት አንድ ሐኪም የእንቅርት ምርመራ አዘዘልኝ። ወጣት ነው፤ ጥያቄዎቹን በፍጥነት ያወርዳቸዋል። ሲጋራ? የለም። ጫት? የለም። «አልኮል…» አለና ቀና ብሎ ማተቤንና ነጠላዬን አየ። «እርስዎማ አይጠጡም» ብሎ ራሱ መለሰ። ራሴን ነቀነቅሁ። ያን ዕለት አፌን ብከፍት ኖሮ ብዙ ነገር ይቀርልኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰዎች «ሐኪም አላወቀውም፤ ጠበል ነው» አሉ። እኔም ደስ አለኝ። በልቤ፣ በቃ፣ እዚያ ሄጄ አረቄውን እተወዋለሁ ብዬ ማልሁ። አንዲት ጠብታ ሳልይዝ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን አለፈ። ሌሊቱን ግን ልብሴ በላብ ራሰ፤ ግድግዳው ላይ የማይነገር ነገር ሲሄድ አየሁ። በማግስቱ ጠበሉ ሥር እንደቆምኩ የማስታውሰው የውሃውን ብርድ ነው። ስነቃ መሬት ላይ ነኝ፤ ምላሴ ተነክሶ ይደማል፤ ሦስት ወንዶች ይዘውኛል። አንደኛው ጆሮዬ ላይ «ማነህ? ስምህን ተናገር! ከየት ያዝካት?» እያለ ይጮኻል።

እኔ የማውቀው ስም አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም አልተናገርኩም።

ድጋሚ ስወድቅ ጠበሉን የሚያጠምቁት አባት መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው፣ «ጠበሉም የእግዚአብሔር ነው፣ ሐኪሙም የእግዚአብሔር ነው። ይቺን ልጅ አሁን ወደ ሐኪም አድርሷት» አሉ። እግዜር ዕድሜ ይስጣቸው። በፒክአፕ ጭነው አምቦ ሆስፒታል አደረሱኝ።

እዚያ ነው ሲስተር ጫልቱን ያገኘኋት፤ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ናት። አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠች፤ የሚንቀጠቀጠውን እጄን በእጇ ያዘች። «ትጠጫለሽ ወይ?» አላለችኝም።

«አረቄ ነው ጠላ?» አለችኝ።

«አረቄ» አልኳት። ለስንት ጊዜ ያፈንኩት ቃል እንደዚያ ወጣ። ከዚያ ማልቀስ ብቻ ሆነ።

እህቶቼ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ። ሲስተር ጫልቱ እንዳስረዳችኝ፣ ብዙ ጊዜ በየቀኑ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሰውነቱ እንደ ማዕበል ይነሳበታል። ይንቀጠቀጣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ እንደ እኔ ይወድቃል፤ ሊሞትም ይችላል። ጋኔን አይደለም፤ የሚጥል በሽታም ላይሆን ይችላል። መጠጥ ለማቆም ስትወስኑ በቤታችሁ ተደብቃችሁ አትሞክሩት፤ ለሐኪም ተናገሩና እየታያችሁ አቁሙ። እኔን የሚያረጋጋ መድኃኒትና የቫይታሚን መርፌ እየሰጡ አሻገሩኝ።

«ከቤተሰብ የጠጣ አለ?» ብላ ስትጠይቀኝ «የለም» ልላት ነበር። ከዚያ አባቴ ትዝ አለኝ። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ ተነፍቶ ነው የሞተው። አገር ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው፤ የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው» ብሎ ሥር ቀጥቅጦ አጠጣው። አባቴ ማታ ማታ ምን ይጠጣ እንደነበር የሚያነሳ አልነበረም።

ልወጣ ስል ሲስተር ጫልቱ፣ «ብቻሽን አትችዪውም» አለችኝ። «ቅዳሜ ከሰዓት እዚሁ አምቦ የሚሰበሰቡ አሉ። መጠጥ ያቆሙና ለማቆም የሚታገሉ ሰዎች ናቸው። ክፍያ የለም፤ ስም የሚጽፍም የለም።»

«የት ነው?»

«የጴንጤዎቹ ግቢ ውስጥ ያለው አዳራሽ። ቦታውን ብቻ ነው የሰጧቸው።»

ጊንጪ ትንሽ ከተማ ናት፤ አምቦም ሩቅ አይደለችም። የማኅበር ሰው ካየኝ አለቀልኝ። ቢሆንም በመጀመሪያው ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ከመናኸሪያ የያዝኩት ባጃጅ ከግቢው በር አጠገብ አወረደኝ። አለፍኩት። ተመለስኩ። ደግሞ አለፍኩት። ባለ ባጃጁ አንገቱን አውጥቶ፣ «እህቴ፣ በሩ እንደሆነ ካለበት አይንቀሳቀስም፤ አንቺ ነሽ የምትዞሪው» አለኝ።

ገባሁ። አግዳሚ ወንበሮች፣ አንሶላ የለበሰ ከበሮ፣ ግድግዳው ላይ በኦሮምኛ የተጻፈ ጥቅስ። ፀጉራቸው የሸበተ ሰፊ ሰው ተነሱ። ኦቦ ቶለሳ ይባላሉ፤ ለብዙ ዓመት የነቀምት መስመር አውቶቡስ ነድተዋል።

«ታኢ፣ ታኢ እህቴ፤ ቁጭ በዪ» አሉኝ። «እዚህ ሃይማኖት አንጠይቅም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ዛሬስ?»

በየተራ «ዛሬ አልቀመስኩም» ይላሉ። አንዱ «ዛሬ ቀምሻለሁ» አለ፤ ማንም አላፈጠጠበትም፤ ከጎኑ ያሉት ጠጋ አሉለት እንጂ። ከጎኔ የተቀመጠው ሸምሱ ነበር፤ ከደቡብ መጥቶ አምቦ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ። ነጠላዬን ቦርሳ ውስጥ ስደብቅ አየኝና ሳቀ።

«ሰው ምን ይለኛል ብለሽ ነው? እኔ ሙስሊም ነኝ። ከእኔ በላይ ተደብቆ የጠጣ የለም። አሁን ደግሞ ከተማው 'ሸምሱ ጴንጤ ሆነ' ይላል። ሰካራም ከመባል ይሻለኛል አልኩ፤ ሚስቴ ግን 'ለእኔ አይሻለኝም' ብላ አባቷ ቤት ገብታ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንድ ቅዳሜ ይዣት መጣሁ። ኦቦ ቶለሳን ስታይ፣ 'እኚህ ናቸው ያሰለሙህ?' አለችኝ። ግራ ገብቷት ነው።»

ከስንት ጊዜ በኋላ ሳልጠጣ ሳቅሁ።

የቡድኑ አንድ ሥርዓት አለ። ሠርግም ሆነ ለቅሶ፣ መጠጥ ያለበት ቦታ ማንም ብቻውን አይሄድም። አንድ ጓደኛ አብሮት ሄዶ ከጎኑ ተቀምጦ፣ ለስላሳ ጠጥቶ፣ አብሮት ይወጣል። ያልተጠራበት ለቅሶ ላይ ተቀምጦ ከሟች ቤተሰብ በላይ ያለቀሰ ሰው አለን። እኔ ግን ማኅበር ላይ ማን አብሮኝ ይገባል? ብዬ ሁለት ወር አመመኝ እያልኩ ከማኅበሩ ቀረሁ።

ይህ መቅረቴ ነው ያስጠረጠረኝ። አንድ ምሽት ጋሽ ታደሰ በሬን አንኳኩ። ዱላቸውን ሁለት ጉልበታቸው መካከል ተክለው ተቀመጡ።

«ልጄ ትሁን፣ የቀረበ ነገር አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ አምቦ የት ነው የምትውዪው?»

«ሕክምና ነው ጋሼ።»

«በጴንጤ አዳራሽ?»

እውነቱን ልነግራቸው አልኩና ተውኩት። ጠጪ ነኝ ከምል ከድቻለሁ ብባል የቀለለኝ ጊዜ ነበር፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን እንደዚያ ነበር።

«እኛ አንፈርድም» አሉ። «የፊታችን ሚካኤል እኔ ቤት ነው፤ ጽዋውን የምትቀበዪው ተረኛም አንቺ ነሽ። ነይና በሁሉ ፊት ጽዋውን ቅመሺ። ጴንጤ ጽዋ አይቀምስም። ከቀመስሽ ወሬው እዚያው ይሞታል፤ ካልቀመስሽ…» ዱላቸውን ይዘው ተነሱ።

ወሬው ጎጃም የደረሰው ከእሳቸው ቀድሞ ነው። እናቴ ደወለች። ደህና ነሽ ወይ አላለችኝም።

«ማተብሽ አንገትሽ ላይ አለ?»

«አለ እማ።»

«በእኔ ሞት?»

«በአንቺ ሞት፣ አለ።»

«እንግዲያው ጽዋውን ተቀበዪ። አለዚያ የወለድኩሽን ቀን እረግማለሁ።»

ያን ሳምንት እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ጉንጭ ነው። በመልአኩ ስም የተባረከ ጉንጭ። ስሜን ያጠራልኛል፣ እናቴን ያሳርፋታል። «የተባረከ ነገር ምን ያደርገኛል?» የሚል ሐሳብ ከጠዋት እስከ ማታ ተከተለኝ። ጸለይኩ። ጸሎቴ መካከል የጌሾው ሽታ ይመጣብኛል፤ ምራቄን እውጣለሁ። ያ ሐሳብ የእኔ ይሁን የአረቄው መለየት አቃተኝ።

ለኦቦ ቶለሳ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ቲቸር» አሉኝ፣ «ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ የተበጠሰ መኪና 'ትንሽ ብቻ ሄጄ እቆማለሁ' ይላል?»

«አይልም።»

«ጋሪ፣ ጥሩ ነው። እንመጣለን።»

«ኦቦ ቶለሳ፣ እርስዎን እዚያ አያስገቡዎትም እኮ!»

«ማን እንገባለን አለ? ደጅ እንቀመጣለን።»

የሚካኤል ዕለት ወደ ጋሽ ታደሰ ቤት ስደርስ ከአጥሩ ማዶ አንድ ባጃጅ ቆሟል። ኦቦ ቶለሳና ሸምሱ ከኋላ ተጣበው ተቀምጠዋል። ሸምሱ እጁን አነሳልኝ።

ቤቱ ሞልቷል። ሰላምታዬን የመለሱልኝ በከንፈራቸው ነው። ከእትዬ ዘነበች ጎን ክፍት ቦታ ነበር፤ እዚያ ተቀመጥኩ። ቄሱ ጸሎቱን አደረሱ፣ ጽዋውን ባረኩ። ጽዋው ከሰው ወደ ሰው እየዞረ መጣ። ሰው ሁሉ ጽዋውን ተወና እኔን ማየት ጀመረ። እትዬ ዘነበች ቀምሳ፣ አፏን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ወደ እኔ ዘረጋችው። ሽታው ፊቴን መታኝ። አፌ ምራቅ ሞላ። እጄን ዘርግቼ ያዝኩት። ቀዝቃዛ ነበር። የእናቴ ድምፅ ይሰማኛል።

«ቅመሺ እንጂ ልጄ» አሉ ጋሽ ታደሰ።

ጽዋውን ግንባሬን አስነክቼ ሳምኩት። ከዚያ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት።

«አልቀምስም» አልኩ።

አንዲት ሴት «ወይኔ ሚካኤል!» አለች። አንዱ «አበቃ፤ ምን እንጠብቃለን?» ብሎ ሊነሳ ሲል፣ «ሃይማኖቴን አልለወጥኩም» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። «ታምሜ ነው። ሕመሜ አረቄ ነው። አንድ ጉንጭ ከቀመስኩ ነገ ጀሪካን እይዛለሁ።»

እርስ በርስ ተያዩ፤ አላመኑኝም። ጋሽ ታደሰ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንቺ? አረቄ? ልጄ፣ ጴንጤነትን ለመሸፈን እንዲህ ያለ ስም በራስሽ ላይ አታውጪ። ማን ይመሰክራል?»

ከጎኔ እትዬ ዘነበች ትንፋሿን ስትስብ ሰማሁ።

«እኔ እመሰክራለሁ» አለች። «የሸጥኩላት እኔ ነኝ። ያስጀመርኳትም እኔ። በኮሮና ጊዜ የገዛችውን እጅ ብትታጠብበት ኖሮ ቆዳዋ ተልጦ ያልቅ ነበር።» ማንም አልሳቀም። «ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ደጄን አልረገጠችም። እናንተ 'ከዳች' ስትሉ፣ እኔ ደንበኛ አጥቼ አውቄው ነበር። ዝም ያልኩት ለእንጀራዬ ነው። ፍረዱብኝ።»

ሰው ሁሉ ወደ ቄሱ ዞረ። ቄሱ ተነሡ፤ ጽዋውን ከጉልበቴ ላይ አነሡት።

«ይህ ጽዋ የሚባረከው በስሙ ነው፤ በጌሾው አይደለም» አሉ። «የሚመጣው ወር ተረኛ ማን ነው?»

«ትሁን» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ ቀስ ብለው።

«ምን ትሞዪበታለሽ?»

«ብርዝ፣ አባ። ያልፈላ፣ የዕለት ብርዝ።»

«ማርም ውሃም ይባረካል» አሉና የቀረውን ጠላ ራሳቸው ቀምሰው ጨርሰው ባዶውን ጽዋ በጨርቁ ጠቅልለው እጄ ላይ አኖሩት። እልልታው መጀመሪያ አመነታ። አንዲት አሮጊት ጀመረች፤ ሌሎቹ ተከተሉ። ጋሽ ታደሰ አላጨበጨቡም፤ ግን በሩን የከፈቱልኝ እሳቸው ናቸው።

ሁሉም አልተመለሰልኝም። እስከ ዛሬ ሰላም የማይሉኝ ሁለት ቤቶች አሉ። ለእናቴ በማግስቱ ደውዬ እውነቱን ነገርኳት። «አባትሽስ…» አለችና ቃሉን ሳትጨርስ ተወችው። «ቅዳሜሽን እንዳታስታጉዪ» ብላ ዘጋችው። የምወድቅ የሚመስለኝ ቀን አሁንም ይመጣል፤ ያን ቀን በመጀመሪያ ስልክ አነሳለሁ፣ ቀጥሎ ጸሎት መጽሐፌን። ቅደም ተከተሉን ንስሐ አባቴ ያውቁታል፤ አልተቆጡኝም።

ስለዚያ ዕለት ግን አንድ ነገር አልነገርኳችሁም። ጽዋውን አቅፌ ከግቢው ስወጣ እትዬ ዘነበች ቀድማኝ ከባጃጁ አጠገብ ቆማለች። በነጠላዋ ጫፍ ቆሎ ቋጥራ ይዛለች። ለሸምሱና ለኦቦ ቶለሳ በመዳፋቸው ሞላችላቸው።

«ረጅም ሰዓት ቆያችሁ» አለቻቸው። «ብርዱ አልጎዳችሁም?»

«አውቶቡስ ውስጥ ያደርኩ ሰው ነኝ፤ ይቺ ምን አላት» አሉ ኦቦ ቶለሳ።

ልትሄድ ዞረች፤ ተመለሰች። ቆሎው የነበረበትን የነጠላ ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ያኔ ነው እጇን ያየሁት። ለዓመታት አረቄ ስትቀዳልኝ አይቼው የማላውቀው መንቀጥቀጥ ነበረበት፤ የእኔን ብቻ ስደብቅ አላየሁትም።

«አባቴ» አለቻቸው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው የምትጀምሩት?»